በአበባው የተሸጠ ቡና

የቡና ዋጋ በጨመረ ቁጥር የምሰደበው እኔ ነኝ። ዋጋውን የሚጨምረው አባቴ ነው፣ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ግን እኔ ነኝ፤ ሰው ደግሞ የሚያየው የሚጽፈውን እጅ ነው። በዚያ ዓመት ሰሌዳውን ስንት ጊዜ አጥፍቼ እንደጻፍኩት እንጃ። መጨረሻ ላይ ገና ጠመኔውን ሳነሳ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ማጉረምረም ይጀምር ነበር።

ሱቃችን ጠባብ ናት። ከፊት በስኒ እንሸጣለን፤ ከጀርባ ትልቁ የቡና መቁያ ማሽን አለ፤ ማሽኑ የኔ ነው። ማለቴ፣ ከኔ በቀር የሚነካው የለም። ፎቁ ላይ የአባቴ ቢሮ ነው። አባቴ የቡና ነጋዴ ነው፤ ከገበሬው ይገዛል፣ ለሆቴሎችና ለትልልቅ ሱቆች ያከፋፍላል። ይህችን ሱቅ የያዛት የገበያውን ትንፋሽ ለመስማት እንደሆነ ይናገራል። ትንፋሽ አልነበረም የሚሰማው፣ እርግማን ነበር፤ እሱንም የምሰማለት እኔ ነበርኩ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ድሮ ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ ስኒ ይጠጡ ነበር። መጀመሪያ የከሰዓቱን ተዉ። ቀጥሎ የጠዋቱን ከጫማ ሠሪው ጋር መካፈል ጀመሩ። ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ስኒ መሃላቸው አስቀምጠው በተራ ፉት ይላሉ፤ «ዛሬ አተላው የማን ነው?» እየተባባሉ ይቀልዳሉ። አብሬያቸው እስቅና ወደ ጓዳ ስገባ ደሜ ይፈላል።

በማን? በገበሬው። አባባ «ገበሬው ይዞ ነው፤ ዋጋው ገና ይጨምራል ብሎ ቆልፎበታል» ብሎኝ ነበር። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ አፌን ሞልቼ እሱኑ እደግማለሁ።

አንድ ቀን ከአባቴ ቢሮ አንድ ረጅም ልጅ ወረደ። ጫማው ላይ ቀይ ጭቃ ደርቋል። ቡና አዘዘ፣ አንድ ጊዜ ፉት አለና ስኒውን አየው።

«ለምንድን ነው እንዲህ ያሳረራችሁት?» አለኝ።

በማሽኔ የመጣ ሰው አልወድም። ካልጣመው ውሃ እንዳለ ነገርኩት። ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደስ ደስ የለውም። በዚህ ገንዘብ እነሱ ዘንድ ለቃሚ የደከመበት አንድ ቅርጫት ቡና እንደሚገዛ ነገረኝ። እነሱ ማለት እነማን እንደሆኑ ብጠይቀው፣ ለቃሚው ራሱ ነው።

ዓመት ሙሉ በሩቁ ስሰድበው የኖርኩት ገበሬ በእግሩ መጣልኝ!

«እንግዲያው ያስወደድከው አንተ ነህ» አልኩት። «ቆልፋችሁበት ተቀምጣችሁ እዚህ ሽማግሌ ለሁለት አንድ ስኒ ይጠጣል።»

አልተቆጣም። እግሩን አነሳና የጫማውን ሶል ወደኔ አዞረው። ከፊቱ ተገንጥሎ አፉን ከፍቷል።

«ይሄ የሀብታም ጫማ ነው?» አለኝ።

ጫማ ሠሪው ከጥግ አንገታቸውን አስግገው አዩና እሳቸውም ቢሆኑ ይህን ለመጠገን እንደማይደፍሩ ተናገሩ። ሱቁ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ በመሳቄ ደግሞ ተናደድኩ። ልጁ ያልወደደውን ቡና እስከ መጨረሻው ጠጣው። የደከመበት ሰው አይደፋውም፤ ያን ጊዜ ግን ይሄ አልገባኝም፣ ዓይኑ ብቻ ነበር ልቤ ውስጥ የቀረው።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ ነገሩን ያኔ ነው የነገረኝ። ቡና ከለቀማ እስከ ለቀማ ዓመት ያስጠብቃል፤ ሆድ ግን ዓመት አይጠብቅም። ስለዚህ ዛፉ ገና አበባ እንደያዘ ደላላ ይመጣና ፍሬውን በአበባው ይገዛል። ዋጋው የአበባ ዋጋ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚኮተኩተው፣ የሚጠብቀው፣ የሚለቅመው ገበሬው ነው፤ ፍሬው ግን የሰው ነው። ባለፈው ዓመት አባቱ እንዲሁ ለነጋዴው ሸጠዋል፤ ነጋዴውም በምስክር ፊት «ዋጋ ከጨመረ እጨምርላችኋለሁ» ብሎ ቃል ሰጥቷል። ዋጋው ጨመረ፤ ጭማሪው ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

«እሱን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለኝ። «እናቴ ታማለች። ጭማሪውን ይዤ ከገባሁ ዘንድሮ አበባውን አንሸጥም። ፍሬውን ራሳችን ከሸጥን ሰው እንሆናለን።»

ነጋዴው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«አባቴ ነው» አልኩት።

የያዘውን ስኒ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ለምን ትናንት አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ? ጫማህን ነው ያሳየኸኝ።»

ከት ብሎ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ሌላ ሰው ነው የሚመስለው። አባቴን እንደማናግርለት ቃል ገባሁ። ያን ዕለት ከሰዓት ወደ ፎቅ ስወጣ እንደ ጠበቃ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

አባባ ነገሩን በጥሞና ሰማኝ። ልጁ ጨዋ እንደሚመስል፣ ቃሉንም እንደሚያስታውስ ነገረኝ። «ሰኞ እጨርስለታለሁ» አለ። «እስከዚያ ቡና እንዳታስከፍዪው። ተንከባከቢው፤ እንግዳ ነው።» ግንባሩን ሳምኩት። ዛሬ ድረስ ያ መሳም ከንፈሬ ላይ ይጎመዝዘኛል።

ወርጄ «ሰኞ ይጨርስልሃል» አልኩት። በራሴ አፍ።

ሰኞ መጣ። አባባ ባንክ ነበር። የሚቀጥለው ሰኞ እንግዳ መጣበት። ከዚያ በኋላ ያለው ሰኞ ላይ ራሱን አመመው። እያንዳንዱን ሰኞ ከፎቅ ተቀብዬ የማወርደው እኔ ነበርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ሰኞ በተራዘመ ቁጥር እኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ ልጁ አንድ ሳምንት ይቆያላ! እሱም ብዙ የከፋው አይመስልም ነበር።

በነዚያ ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ማሽኑ ጋ ይመጣል። ቡና እንዴት እንደሚቆላ አሳየሁት። ዋናው ነገር ዓይን አይደለም፣ ጆሮ ነው፤ ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር መስማት አለብህ አልኩት። ጆሮውን አስጠግቶ ሲያዳምጥ ጭንቅላታችን ይነካካል። መጀመሪያ ተራራቅን። በኋላ መራራቁን ተውነው። እጁ ሸካራ ነው፤ እጄን ሲይዝ ግን የሚሰበር ነገር እንደያዘ ሰው ነው የሚይዘው። ስለ አበባው ያወራኛል። ዝናብ ሲጥል ዛፉ ሁሉ ባንድ ላይ ነጭ ይሆናል፣ መዓዛው ቤት ድረስ ይገባል፣ ሳምንት ሳይሞላውም ይረግፋል። ያን ሰሞን አባቱ ሥራ አይሠሩም፤ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ዛፎቹ መሃል ይመላለሳሉ።

«አንድ ቀን አሳይሻለሁ» አለኝ።

«መቼ? ሰኞ?» አልኩት። ተሳሳቅን። የምንስቀው በራሳችን ላይ እንደሆነ አላወቅንም።

አንድ ጠዋት ጥሬውን ቡና ከጆንያው ዘግኖ መዳፉ ላይ በተነው። የገረጣ ነው፣ አረንጓዴው ለቆታል። አንዷን ፍሬ ነከሳት። ከየት እንደመጣ ጠየቀኝ። አባባ የነገረኝን ነገርኩት፦ አሁን የገባ ነው፣ በመንገድ ዝናብ መትቶት ነው የጆንያ ጣዕም የያዘው፤ ለዚህ ነው አጥቁሬ የምቆላው። ጣዕሙ ሲበላሽ አጥቁረህ ትቆላዋለህ፤ ምሬቱ ሁሉን ይሸፍነዋል። ይህን ያስተማረኝም አባባ ነው። ልጁ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጆንያው መለሰና ወሬ ቀየረ። ምን እንደሆነ ብጠይቀው ሰኞ እንደሚነግረኝ ነገረኝ።

ሰኞ አልደረሰም። ሐሙስ ዕለት ስልኩን በእጁ እንደያዘ ገባ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር። ከነሽርጤ ተከትዬው ወደ ጓዳ ገባሁ።

እህቱ ደውላለት ነበር። አበባው ፈንድቷል። የአባቴ ደላላ ቤታቸው ሄዶ፣ «ልጃችሁ ከተማ ሴት ይዟል፣ ቡና እየጠጣ ነው፣ አይመጣም» ብሏቸዋል። እናቱ መድኃኒት ጨርሳለች። አባቱ ብቻቸውን ነበሩ። ሸጡት። በአበባው።

«አባትሽ ነው የገዛው» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «እኔን እዚህ በሰኞ አስሮ እዚያ አባቴን ገዛው። ገመዱ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

«እኔ አላወቅኩም።»

«አላወቅሽም። ይሄ ጆንያ የማን እንደሆነም አታውቂም። የኛ ነው። በጥርሴ ነው ያወቅኩት። ዝናብ የመታው ቡና አይደለም፣ ከተለቀመ ጀምሮ መጋዘን ተቆልፎበት ያረጀ ነው። ገበሬው ይዞ ነው ስትዪ የከረምሽው ይሄን ነው። የኛን ቡና ነው የምታሳርሪው።»

ሄደ። የሱቁን በር እንኳ አላጋጨውም፤ ቀስ አድርጎ ዘጋው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል። ሳሩ እኔ ነበርኩ።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። አባባ መነጽሩን እየጠረገ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። አልካደም። ይህ ነው ያቃጠለኝ። ንግድ ነው አለኝ፤ ቡናን የሚያስወድደው የሚይዘው ነው፤ እሱ ባይዘው ሌላው ይይዘዋል። ማንንም በሽጉጥ አላስገደደም።

«ልጁንም እኔ አላቆየሁትም» አለ መነጽሩን እያደረገ። «ያቆየሽው አንቺ ነሽ። እኔ ሰኞ ነው ያልኩት።»

ሰው በአባቱ ላይ እንዲህ ሊናደድ እንደሚችል አላውቅም ነበር። የሚያለቅስ ንዴት አለ፣ የሚጮህ አለ፤ የኔ ሁለቱንም አለፈና ቀዘቀዘ። ወርጄ ማሽኔን ጠረግኩ።

በቀጣዩ ሳምንት ለሆቴሎች ቡና የምትገዛ ሴት ለቅምሻ መጣች። የመጋዘኑን ቡና በሙሉ በዛሬው ዋጋ ልትወስድ ከአባባ ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች፤ የቀራት መቅመስ ብቻ ነው። አባባ አዲሱን ኮቱን ለብሶ ወረደ፤ በዓይኑ «በደንብ አድርጊው» አለኝ። በደንብ አደረግሁት። ከዚያው ከገረጣው ጆንያ ጨመርኩና፣ ፍሬው ተንጣጥቶ ገና ቀላ ሲል አወጣሁት። አላጠቆርኩትም። ምንም አልሸፈንኩትም።

ሴትዮዋ ፉት አለች። ምላሷን አንቀሳቀሰች። ደግማ ፉት አለችና ስኒውን በአንድ ጣቷ ገፋችው። «ይሄ ጆንያ ጆንያ ነው የሚለው» አለች። አባባ ከስኒዋ ቀመሰና ፊቱ ተቀያየረ። በማሽኑ ላይ አመካኝቶ ነገ እንድትመለስ ለመናት። እሷም ለነገ ቀጠረችውና ወጣች።

በሩ ሲዘጋ «ምን አደረግሽ?» አለኝ።

«ቆላሁት። እንዳለ ቆላሁት።»

ጮኸ፣ ለፈለፈ፣ ያሳደገኝን ዓመት ሁሉ ዘረዘረ። ልብስ ሰፊውና ጫማ ሠሪው ከጥጋቸው ሆነው አንዲት ስኒያቸው ላይ አቀርቅረዋል፤ ጆሯቸው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። በመጨረሻ አባባ የሚያውቀውን አመጣ፤ ንግድ። ነገ አጥቁሬ ከቆላሁለት የልጁን አበባ ይመልሳል።

የልጁን አበባ እፈልጋለሁ። ከምንም በላይ እፈልገዋለሁ። ግን ነገ አጥቁሬ ከቆላሁ፣ ያ ያረጀ ቡና በየሆቴሉ በዛሬ ዋጋ ሊሸጥ ነው፤ የሚጠጣውም ሰው ገበሬውን እየረገመ ይጠጣዋል። የአንዱን ዕዳ በሌላው ጉሮሮ ላወራርድ ነው። ይህን ሳስብ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ፤ የነጋዴ ልጅ ነኝ ለካ።

«አበባው ይቅደም» አልኩት።

ስልኩን አውጥቶ ፊት ለፊቴ ለደላላው ደወለ፤ ድምፁ እንዲሰማኝ አደረገ። አበባው ይመለስላቸው አለው፤ የተቀበሉት ገንዘብ የአምናው ጭማሪ ይሁንላቸው። ደላላው አንገራገረ፤ አባባ ጮኸበት። ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው ሰምተዋል። ምስክር ማለት ይሄ ነው።

«በይ» አለ አባባ ስልኩን ኪሱ እየከተተ። «አጥቁረሽ ትቆዪዋለሽ?»

«ሰኞ» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። «ሴትዮዋ የምትመጣው ነገ ነው» አለኝ።

«ሰኞ እጨርስልሃለሁ፣ አባባ። እስከዚያ የቡና እንዳትከፍል፤ በኔ ነው።»

ልብስ ሰፊው የጠጡት ትን አላቸው። አባቴን በሕይወቴ ሲቀላ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ አየኝና ደረጃውን ወጣ፤ አንድ ደረጃ በወጣ ቁጥር የሚያረጅ ይመስል ነበር። ግን አልተከተልኩትም። ሰሌዳውን አጠፋሁና በትልቁ ጻፍኩ፦ «የአምና ቡና፣ በአምና ዋጋ።» ልብስ ሰፊው መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት። ከዚያ ለየብቻ ሁለት ስኒ አዘዙ።

ቡናው ጥሩ አልነበረም። ግን ማንም አልተታለለም፤ ሰውም እንደዚያ ተሰልፎ አያውቅም። ሴትዮዋ በማግስቱ መጣች፣ ሰሌዳውን በር ላይ ሆና አነበበችና ሳትገባ ተመለሰች። አባባ ሰሌዳውን አላጠፋውም። ካጠፋው ራሱ መጻፍ ነበረበት።

የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ትቼለት የሄድኩት ሰልፉ ጋብ ካለ በኋላ ነው። ለልጁ ስደውል ከርሜአለሁ፤ አያነሳም። ከአውቶቡሱ ወርጄ መንደሩን እየጠየቅኩ በእግሬ ሄድኩ። ሌሊት ዘንቦ ነበር። ቀይ ጭቃው ጫማዬን ይዞ አልለቅም አለ። ስደርስ አበባው ረግፏል፤ በየቅርንጫፉ ላይ አረንጓዴ ጥቃቅን ፍሬ ተደርድሯል። ልጁ ዛፎቹ ሥር ይኮተኩታል። አየኝና ዶማውን አልጣለም፤ ተደገፈበት።

«ደግሞ ሰኞ ልትዪኝ መጣሽ?» አለኝ።

«ዛሬ ሰኞ ነው» አልኩት። «መጥቻለሁ።»

ቤተሰቡ አበባው መመለሱን ከደላላው ሰምተዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቁም፣ ሌላ ወጥመድ መስሏቸው አባቱ እንቅልፍ አጥተዋል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሴትዮዋን፣ ስልኩን፣ ሰሌዳውን። ልብስ ሰፊውን ትን ያላቸው ጋ ስደርስ ከንፈሩ ሊስቅ ሞከረ፤ ከለከለው።

«አበባው አመለጠሽ» አለኝ።

«ፍሬው አላመለጠኝም።»

ዓይኑን ከኔ ላይ አንስቶ ቁልቁል ወደ ጎረቤቶቻቸው ማሳ አየ። «የነሱስ አበባ? የነሱንም አባትሽ ነው የገዛው።»

ስለነሱ አላሰብኩም ነበር። በዚያ ሁሉ ንዴቴ መሃል ያሰብኩት ስለ አንድ ሰው ማሳ ብቻ ነው። በመጠየቁ ተናደድኩበት፤ ትክክል በመሆኑ ደግሞ ባሰብኝ። አንድ ማሳ ለማስመለስ ከአባቴ እንደተጣላሁ፣ ከዚህ በላይ ምን እንዳደርግ እንደሚፈልግ ጮኽኩበት። እሱም ጮኸ፦ እነሱ፣ ከተማ ላይ የምትከራከርላቸው ሴት ስለሌለቻቸው ይሰረቁ? ደላላው፣ ሆዳሙ መጋዘን፣ ለአበባ ዋጋ የሚቆርጠው ሁሉ! እኔ አባቴን ረገምኩ፤ እሱ ደግሞ ድህነትን። ትንሽ ቆይቶ ሁለታችንም የምንጮኸው በአንድ ነገር ላይ መሆኑ ገባን። ዓይኑ ጠዋት ጠዋት ማሽኑ ጋ እንደማውቀው ሆነ።

«ከሄድኩ በኋላ አንድም ቀን ቡና አልጠጣሁም» አለኝ። «ያስጠላኝ ቡናው አልነበረም።»

«እኔም ማሽኑ ሲንጣጣ በሰማሁ ቁጥር ከጎኔ ጭንቅላትህን እፈልግ ነበር» አልኩት። ንዴቴ ስላልበረደ ስድብ በሚመስል ድምፅ ነው ያልኩት።

ዶማውን ዛፉ ላይ አስደገፈና ወደኔ መጣ። ወደ ታች ጫማዬን አየ። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ነው፤ የአንደኛው ሶል ከፊቱ ተገንጥሏል።

«ይሄ የሀብታም ጫማ ነው?» አለኝ።

አልነበረም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ስተው ሀብቱንም አብሬ ትቻለሁ። እጁን ዘረጋልኝ፣ ያዝኩት። ሁለታችንም ገና እንደተናደድን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን አበባቸው እንዴት እንደሚመለስ ልንመክር ወደ ጎረቤቶቹ ቤት ወረድን።